እንደ ራሴ ማለት እንደ ማን ነው? የውክልና ታሪክ ከወሎ ባላባቶች እስከ ግብር መክፈያ መስኮት

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከደሴም ከኮምቦልቻም የማኅበራችን እህቶች ይደውሉልኛል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «እህቴ ጂዳ ናት፤ ንግድ ፈቃዱ በእሷ ስም ነው፤ ውክልና ሰጥታኛለች፤ ግብሯን እኔ ልክፈልላት?» ወይም ደግሞ በተቃራኒው፣ «ውክልና ለወንድሜ ሰጥቼ ሄጄ ነበር፤ አሁን ስመለስ ዕዳ አለብሽ ተባልኩ» የሚል ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ መስጠት አይከብደኝም። ሁለተኛው ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ጽሑፌ ስለ ቅጹና ስለ ቴምብሩ ብቻ ከማውራት ይልቅ፣ ሌላ ሰው በእኛ ስም እንዲቆም የማድረግ ነገር በአገራችን ከየት እንደመጣ ልጻፍ ብዬ አሰብኩ። ታሪኩን ያወቀች ሴት ወረቀቱን ስትፈርም ቆም ብላ ታነባለች ብዬ አምናለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። በግእዝ «ተወከለ» ማለት ታመነ፣ ተማመነ ማለት ነው። በዐረብኛም «ወኪል» አደራ የተሰጠው ሰው ነው፤ «ተወኩል» ደግሞ በአላህ መመካት ነው። እኛ ወሎዎች በአንድ ግቢ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምና መስጊድ የሚሰግድ ቤተሰብ ስላለን ሁለቱንም ቋንቋ በጆሯችን አድገንበታል። በኒካህ ላይ ለሙሽራዋ ወኪል ሲቆምላት አይተናል። እንግዲህ የቃሉ ሥር ወረቀትም ማኅተምም አይደለም፤ እምነት ነው።

አማርኛ ደግሞ ለዚሁ ነገር ሁለት የቆዩ ቃላት አሉት። አንዱ «እንደራሴ» ነው፤ ትርጉሙ እንደ ራሴ ማለት ነው። ሌላው «ምስለኔ» ሲሆን እኔን መሳይ፣ እንደ እኔ ማለት ነው። ምስለኔ በገዥው ፈንታ ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም ነበር። እንደራሴ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የወሎ ገዥነት የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ደሴ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው የእሳቸው እንደራሴ ነበር። አያቶቻችን አቤቱታ ሲያቀርቡ የሚያገኙት ባለቤቱን ሳይሆን «እንደ ራሴ» የተባለውን ሰው ነበር ማለት ነው።

በሌላ ሰው ስም መግዛት ለወሎ ሴቶች እንግዳ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በወሎ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት የተባሉ ሁለት ባላባቶች በየልጆቻቸው ስም ገዝተዋል። ሥልጣኑ በስም የልጅ፣ በሥራ የእናት ነበር። ወይዘሮ ወርቂት በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ተቀብለው አሳለፏቸው። ልጃቸው ግን በዚያን ጊዜ በመቅደላ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ነበርና ተገደለባቸው። እናቲቱ በወሰኑት ውሳኔ ዋጋውን የከፈለው ስሙ ላይ ያለው ልጅ ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል። ወኪሉ ይወስናል፣ ውጤቱ ግን የሚያርፈው በባለስሙ ላይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ከተሸነፈበት ዘመን ነው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሆኑ። ራስ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ። ዘውዱ የሴትየዋ ነበር። የሥራው ሥልጣን ግን ከዓመት ወደ ዓመት ወደ እንደራሴው ሄደ። በ1922 ዓ.ም. ንግሥቲቱ ሲያርፉ እንደራሴው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ «እንደ ራሴ» የተባለ ሰው ወሰን ካልተደረገለት ቀስ በቀስ «ራሴ» እንደሚሆን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ግብሩ ልምጣ። በድሮው ሥርዓት ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንድ አስራት ያገባ ነበር። በቀበሌው ግብር የሚሰበስበው ጭቃ ሹም ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ መክፈያ ደነገገ። አስራት በ1960 ዓ.ም. ቀርቶ በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። በዚያ ዘመን የግብር ደረሰኝ ዋጋው ከገንዘቡ በላይ ነበር። መሬት የማን እንደሆነ ክርክር ሲነሳ እንደ ማስረጃ የሚቀርበው ያው ካርኒ ነበርና። በካርኒው ላይ ያለ ስም የመሬቱ ስም ነበር።

አያቴ የኩታበር ሰው ነበሩ። አያቴ ወንዱ ቀደም ብለው ስለሞቱ ያረሱትም ያሳረሱትም ግብሩን የከፈሉትም እሳቸው ናቸው። ካርኒዎቹን በሙዳይ አስቀምጠው አንድ ቀን አሳዩኝ። ሁሉም የተጻፉት በሟቹ ስም ነበር። «ብሩን የሰጠሁት እኔ፣ የተጻፈው እሱ» አሉኝና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሙሉ አልነበረም። የባላቸው ወገን መሬቱን ሲጠይቅ ያ ሁሉ ካርኒ የመሰከረው ለሟች ነው። ከመሬቱ ያልተነቀሉት የመንደሩ ሽማግሌዎች «እኛ እያየን የገበረችው እሷ ናት» ስላሉላቸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆንም በገበሬ ማኅበሩ የተመዘገበው ታላቁ አጎቴ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብረው በስማቸው አንድ ደረሰኝ ሳይኖራቸው አለፉ።

ይህ የአያቴ ብቻ ዕጣ አልነበረም፤ በሕግም የተጻፈ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎታል። ሚስት በራሷ ሥራ ካገኘችው ገቢ በቀር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሚስት ውክልና ሳትሰጥ ተወክላለች ማለት ነው። ነገሩ የኛ አገር ብቻም አይደለም። በእንግሊዝ አገር እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ያገባች ሴት ገቢ ለግብር ጉዳይ እንደ ባሏ ገቢ ይቆጠር ነበር። በኛ አገር ይህ የተቀየረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በክልላችን ደግሞ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። ዛሬ የጋራ ንብረት የሚተዳደረው በጋራ ነው። አንዱ ለሌላው ውክልና ሊሰጥ ይችላል፤ ግን መስጠት አለበት። በሌላ አነጋገር ውክልና የመስጠት መብት በእጃችን ከገባ ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ውድ ነገር ነውና እንደ ውድ ነገር እንያዘው።

የሚገርመው ያው የ1952ቱ ሕግ ስለ ውክልና የደነገገው ክፍል ዛሬም እንሠራበታለን። ከቁጥር 2199 ጀምሮ ያለው ነው። ቁጥር 2203 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚሆን ይናገራል። ይህም ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈልን የመሰለ ነው። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ በክርክር ለመስማማት ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ሕጉ ይህን ያደረገው ምስለኔ ጌታ እንዳይሆን ነው።

የግብር ሕጉም በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለግብር ከፋይ የሚቆሙ ሰዎችን ግዴታ ለይቶ አስቀምጧል። በክፍያ የሌላ ሰው የግብር ማስታወቂያ የሚያዘጋጅና ቅሬታ የሚያቀርብ የታክስ ወኪል ደግሞ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሕገ መንግሥቱ የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ስለሆነ አብዛኞቻችን የምንስተናገደው በከተማችን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። የቲን ቁጥር ሲወጣ ግን አሻራ የምትሰጠው ባለቤቷ ራሷ ናት። አሻራ በውክልና አይሰጥም። ዕዳውም እንደ አሻራው ነው፤ ወኪል ብትልኪም ግብር ከፋይዋ አንቺው ነሽ።

አሁን አንዲት እህታችን ፈቅዳልኝ የእሷን ጉዳይ ልንገራችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራት። ወደ ዐረብ አገር ስትሄድ ለታናሽ ወንድሟ «ጠቅላላ ውክልና» ሰጠችው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ብሯን አልበላም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ብዙዎቻችን ሸሸ። በኅዳር መጨረሻ ከተሞቹ ሲለቀቁ ተመልሶ ሱቁን ባዶ አገኘው። ዕቃውም የለም፣ ደብተሩም የለም። እሱም «ሱቅ ከሌለ ግብር ምን አለ» ብሎ ኮምቦልቻ ሌላ ሥራ ጀመረ። ንግዱ መቆሙን አላሳወቀም፤ ፈቃዱንም አልመለሰም። ውክልናው ላይ «ፈቃድ ለመመለስ» የሚል ቃል እንኳ አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ስትመለስ አዲስ ፈቃድ ለማውጣት ክሊራንስ ተጠየቀች። በቁርጥ የተወሰነ የሦስት ዓመት ግብርና በላዩ ቅጣት ተደምሮ ጠበቃት። ባላሳወቁት ግብር ላይ ቅጣቱ በየወሩ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ቁጭ ብለን ወረቀት ፈለግን። የአካባቢው ሰዎች ስለ ዘረፋው መሰከሩ፤ ቅጣቱ እንዲነሳ ማመልከቻ ጻፍን። ከቅጣቱ የተወሰነው ተነሳላት፤ ዋናውን ግን በየወሩ እየከፈለች ነው። በዐረብ አገር ቤት ጠርጋ ያጠራቀመችው ብር ወደዚያ እየሄደ ነው። ወንድሟ አሁንም ዓይኗን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። እሷ «ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ምን እንደሚሠራ ሳልነግረው ነው የሄድኩት» ትላለች። እኔም ከዚህ የተሻለ የውክልና ትርጉም አልሰማሁም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈውን በአጭሩ ልጻፍ።

አንደኛ፣ ሥራውን በስሙ ጥሩ። «በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ግብር ለማስታወቅ፣ ለመክፈል፣ ደረሰኝ ለመቀበል፣ ቅሬታ ለማቅረብ፣ ንግድ ፈቃድ ለማደስና ለመመለስ» ተብሎ ይጻፍ። ለግብር ብቻ ከሆነ የምትሰጡት፣ ቤት መሸጥን ምን አመጣው?

ሁለተኛ፣ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ አካል ፊት ተረጋግጦ ይመዘገባል። ውጭ አገር ያለች እህት በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ታረጋግጣለች፤ እዚህ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ውክልና አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ቀኖቹን ለወኪላችሁ ጻፉለት። በ2008ቱ ሕግ ደረጃ «ሐ» ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30፣ ደረጃ «ለ» የግብር ዓመቱ ካለቀ በሁለት ወር ውስጥ፣ ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ነበር። የግብር ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል በየዓመቱ ሰኔ ላይ ደረጃችሁን ጠይቁ። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ሲደርስ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ወረቀቱ በወኪሉ እጅ ገብቶ መሳቢያ ውስጥ ቢተኛ ቀኑ ግን አይተኛም።

አራተኛ፣ ሂሳብ ጠይቁ። ሕጉ ወኪል ለወካዩ ሂሳብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይህ አለማመን አይደለም፤ እቁባችን ውስጥ ጸሐፊዋ ደብተሩን ስታነብ ማን ይቀየማል?

አምስተኛ፣ ውክልናን በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ስትሽሩት ግን በተመዘገበበት ቦታ ሻሩት፣ ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱም አሳውቁ። ሰጪዋ ከሞተችም ውክልናው በመሠረቱ ያበቃል። በሟች እናት ውክልና መሥራት ለልጆቹም መከራ ነው።

የአያቴ ሙዳይ አሁን እኔ ቤት ነው። በውስጡ ከእሳቸው ካርኒዎች አጠገብ የራሴን የግብር ደረሰኞች አስቀምጣለሁ፤ ሁሉም በስሜ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ራሴን አሞኝ ስለነበር አንዱን ዓመት የከፈለልኝ ባለቤቴ ነው፤ ሁለት አንቀጽ ብቻ ያላት ውክልና ሰጥቼው። ደረሰኙን ሲያመጣልኝ መጀመሪያ ያየሁት ብሩን ሳይሆን ስሙን ነበር።