ከፊልቱ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ፦ የወደብ ከተሞችን ማን አቆማቸው?

እስቲ ካርታ አውጡና ጣታችሁን ፊልቱ ላይ አድርጉ። በስተሰሜን ገናሌ፣ በስተደቡብ ዳዋ ይፈስሳሉ። ዶሎ አጠገብ ተገናኝተው ጁባ ይባላሉ፤ ከዚያም ኪስማዩ አቅራቢያ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባሉ። ባሕር የማይታይባት ፊልቱ ከወደብ ጋር ምን አገናኛት?

በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ከዘይላ በመርከብ ሞቃዲሾ ደረሰ። እንደ ጻፈው፣ መርከብ ሲመጣ ወጣቶች በትንንሽ ጀልባ ምግብ ይዘው ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ለአንድ ነጋዴ ምግቡን ይሰጥና “ይሄ የኔ እንግዳ ነው” ይላል። ነጋዴው የሚያርፈው እሱ ቤት ነው፤ የሚሸጠውም የሚገዛውም በእሱ በኩል።

ለምን መሰላችሁ? እንግዳው ገበያውንም ሰዉንም አያውቅም። ዋስ ያስፈልገዋል።

በየብስም ያው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቦረና የዝሆን ጥርስ የጫኑ ግመሎች በጁባ ዳር ወዳለችው ሉቅ ይሄዱ ነበር። ከሉቅ ደግሞ ዕቃው ወደ ብራቫ፣ መርካና ሞቃዲሾ ይወርዳል፤ በምላሹ ጨርቅ ይመጣል። በሶማሌ ምድር የሚያልፍ ነጋዴ “አባን” የሚባል የአገሩን ሰው ይይዛል። አባኑ መንገድ ይመራዋል፣ ያስተረጉምለታል፣ ከጥቃትም ይጠብቀዋል።

ጣሊያኖች ይህን ተረድተው ነበር። ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1895 እ.ኤ.አ. ከብራቫ ተነስቶ ሉቅ ላይ የጣሊያን ጣቢያ አቋቋመ። ወደቡ በእጃቸው ቢሆንም፣ ግመሎቹ ካልመጡ መርከቡ የሚጭነው የለውም።

ስለ ወደብ ከተማ ስታነቡ እንግዲህ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣና ማን ዋስ እንደሆነለት ጠይቁ።