ድንጋይ መሰል ዓሣ፦ ስያሜውና መኖሪያው

በእንግሊዝኛ «ስቶንፊሽ» የሚባለው የባሕር ዓሣ ስሙ ከ«ድንጋይ» እና ከ«ዓሣ» የተጣመረ በመሆኑ ቃል በቃል «የድንጋይ ዓሣ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ «የድንጋይ ቤት» ሲባል ከድንጋይ የተሠራ፣ «የባሕር ዓሣ» ሲባል ደግሞ በባሕር የሚኖር ማለት ስለሆነ፣ ይህ አተረጓጎም ዓሣው ስሙን ያገኘው ከመልኩ መሆኑን ይሰውራል። ስለዚህ «ድንጋይ መሰል ዓሣ» የሚለው ስያሜ ይበልጥ ይስማማዋል።

እ.ኤ.አ. በ1801 የተሰጠው ሳይንሳዊ መጠሪያ «ሲናንሲያ ቬሩኮሳ» ሲሆን «ቬሩኮሳ» በላቲን «ኪንታሮታም» ማለት ነው። ቅርፊት አልባው ቆዳው በጉብታዎች የተሞላ ነው፤ አልፎ አልፎም አልጌ ስለሚበቅልበት ከዙሪያው ዓለት ለመለየት እጅግ ያስቸግራል።

መኖሪያው ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ድረስ የተዘረጋው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው የኮራል ዓለት ነው፤ የኮራል ዓለት የሚባለውም ኮራል የተሰኙት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የኖራ ዐፅማቸው ለብዙ ዘመን እየተደራረበ የሚሠራው ነው። ዓሣው በዚህ ዓለት ፍርስራሽ መካከል ተጋድሞ ወይም ገላውን በአሸዋ ከፊል ቀብሮ ሳይንቀሳቀስ ይቆይና ትናንሽ ዓሦች ሲጠጉት በቅጽበት ይውጣቸዋል።

«መርዛማ» የሚለው ቃል ሲበላ የሚጎዳውንም ሲወጋ የሚጎዳውንም ስለሚያጠቃልል እዚህ ላይ ማብራሪያ ያሻዋል። የዚህ ዓሣ መርዝ የሚገኘው ጀርባው ላይ በተደረደሩት 13 ያህል እሾሆች ሥር ባሉ ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ እሾሁ ሲጫን ከረጢቱ ተጨምቆ መርዙ ወደ ቁስሉ ይገባል። በመሆኑም ጠባዩን «መርዘ እሾህ» የሚለው ሐረግ ከ«ተናዳፊ» በተሻለ ይገልጸዋል፤ እንደ ንብ ሄዶ አይናደፍምና፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ድንጋይ መስሎት በረገጠው ሰው ላይ ነው።

መርዙ በፕሮቲን የተገነባ በመሆኑ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ የተወጋ እግር ሳያቃጥል በሚቻል ሙቅ ውኃ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ውኃ፣ የሚነከረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ግን ሥቃዩን ያስታግሳል እንጂ ሕክምናን አይተካም፤ አውስትራሊያ ውስጥም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መድኃኒተ መርዝ ይዘጋጃል። በስያሜው ውስጥ «መሰል» የምትለው ቃል የዓሣውን መልክ ከመግለጽ አልፋ፣ በኮራል ዓለት ላይ የሚራመድ ሰው ከመርገጡ በፊት እንዲያስተውል የምታሳስብ ማስጠንቀቂያ ናት።