የፍርድ ማስጠንቀቂያ ለማን ነው የሚነገረው?

በአሜሪካ ትልቅ አደጋ በደረሰ ቁጥር ከአንዳንድ የፕሮቴስታንት ሰባክያን አንደበት «ይህ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው» የሚል ቃል መስማት የተለመደ ነው። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ጥቃት ሁለት ቀን በኋላ ሰባኪው ጄሪ ፋልዌል በቴሌቪዥን ቀርበው ጥፋቱን በፌሚኒስቶች፣ በግብረ ሰዶማውያንና በሌሎች ላይ አላከኩት፤ ከብርቱ ነቀፌታ በኋላም ይቅርታ ጠየቁ። ለመሆኑ ይህ አነጋገር ከየት መጣ?

በ1630 በጆን ዊንትሮፕ መሪነት ማሳቹሴትስ የገቡት ፒዩሪታኖች ራሳቸውን እንደ ጥንቱ እስራኤል ከእግዚአብሔር ጋር ኪዳን የገባ ሕዝብ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 እንደተጻፈው ደግሞ ኪዳን በረከትም መርገምም አለው። ስለዚህ ሰብል ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ፣ በ1675 ከአገሬው ተወላጆች ጋር ከባድ ጦርነት ሲነሳ የሰባክያኑ ጥያቄ «እኛ ምን በደልን?» የሚል ነበር። በ1679 ቦስተን ላይ የተሰበሰበው ሲኖዶስም የገዛ ሕዝቡን ኃጢአት አንድ በአንድ ዘርዝሮ አወጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዓይነቱን ስብከት በነቢዩ ኤርምያስ ስም «ጀረማያድ» ይሉታል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የፒዩሪታኑ ሰባኪ ብዙ እንከን ነበረበት፤ ጣቱን የሚቀስረው ግን በቅድሚያ ፊቱ በተቀመጠው ምእመንና በራሱ ላይ ነበር። ይህም ከነቢያት የተወረሰ ነው። የቴቁሔው አሞጽ ደማስቆን፣ ጋዛንና ጢሮስን ከኮነነ በኋላ ፊቱን ወደ ይሁዳና ወደ እስራኤል መለሰ፤ መመረጥ ተጠያቂነትን እንደሚያከብድ ነገራቸው። በምዕራፍ 9 ቁጥር 7 ላይ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር ያነጻጸራቸውም ትምክህታቸውን ለመስበር ነው። እኛ ግን ያንኑ ጥቅስ ለመኩራሪያ ስናውለው ኖረናል!

ይህን ቁም ነገር በሚገባ የተረዳው የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል ያልነበረው አብርሃም ሊንከን ይመስለኛል። ማርች 4 ቀን 1865 ባሰማው ንግግር የእርስ በርሱን ጦርነት የደቡቡ ብቻ ቅጣት አላደረገውም፤ በባርነት ኃጢአት ሰሜኑም ደቡቡም የተቀጡበት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ድል በእጁ እየገባ ሳለ እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም።

ሌላም አለ። የነቢያት ማስጠንቀቂያ ዓላማው እንዳይፈጸም ነው። ዮናስ ነነዌ ትጠፋለች አለ፤ ሕዝቡ ንስሐ ገባ፤ ከተማዋ ተረፈች። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሦስት ቀን የነነዌን ጾም የምትጾመው ይህንኑ በማሰብ ነው።

እኛስ? በአገራችን መከራ ሲደርስ «የእነ እገሌ ኃጢአት ያመጣው ነው» የማይል ወገን ጥቂት ነው። የሌላውን ኃጢአት ለመቁጠር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የራሳችንን መቁጠር የጀመርን ዕለት ግን የነነዌ ዕጣ ለእኛም ይደርሰን ይሆናል።

ልብ ያለው ልብ ይበል።