የሁመራ ሰሊጥና የደጋው ገበሬ ጉልበት

ስለ አገራችን የእርሻ ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመሬት ላይ ነው። ርስቱ፣ ጉልቱ፣ ጭሰኝነቱ፣ በኋላም አዋጁ በሰፊው ተመርምሯል። የሰው ጉልበት ግን፣ ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ እጅ አይጠፋም በሚል ግምት በችኮላ ታልፏል። በሰቲት ሁመራ የደረሰው የዚህን ግምት ስሕተትነት ያሳያል ብለን እናምናለን። ገበሬ ጉልበቱን ይዞ የሚወጣው ችግር ስለገፋው ብቻ አይደለም። ሲሄድ መንገዱ ክፍት፣ ሲመለስም መሬቱ በቦታው የሚጠብቀው መሆኑን ሲያምን ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባለሀብቶች የሁመራን ሜዳ በትራክተር ሲያርሱ ብዙዎች መኪናው የሰውን እጅ ይተካል ብለው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ማረሱ ሲፋጠን የሚዘራው መሬት ሰፋ፤ አረሙና አጨዳው ግን በእጅ እንደሆነ ቀረ። በተለይ ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። የፍሬው ማኅደር ደርቆ ከተከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮና ቆሞ መድረቅ አለበት። ይህ ሥራ የሚበዛው በመስከረምና በጥቅምት ነው። የደጋው ጤፍና ስንዴ ደግሞ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እንግዲህ የትግራይ፣ የኤርትራ፣ የጎንደርና የወሎ ገበሬ የራሱ አዝመራ ሳይደርስ ቆላ ወርዶ ለመመለስ የሚያስችለው ክፍተት ነበረው። የሐምሌና የነሐሴ አረም ግን ከደጋው ሥራ ጋር ይጋጫል፤ ያን ጊዜ ለመውረድ የሚቀለው መሬት ወይም በሬ ላጣው ወጣት ነው።

ለዚህ ምልልስ ልማድም ነበረ። ከቀዬው ርቆ እያረሰ የሚመለሰው ሞፈር ዘመት ለደጋው ሰው እንግዳ አልነበረም፤ በርስት አገርም ከቤቱ የራቀ ሰው የዘር መብቱን በዚያው አያጣም። ወባና ካላዛር ብዙ ደገኛ ፈጅተዋል። ሆኖም ሰዉ በየዓመቱ መውረዱን አልተወም።

የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ማውጣቱን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ይኸው አዋጅ፣ ከአቅመ ደካሞችና ከመሳሰሉት በስተቀር፣ ማንም ገበሬ በቅጥር ጉልበት እንዳያሳርስ ከለከለ። ሰፋፊዎቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። መሬት የሚደለድለው የገበሬ ማኅበር ስለሆነ፣ ድልድል ሲደረግ ያልተገኘ ሰው ድርሻው ያሠጋው ጀመር። ለጉዞ የማኅበሩ መሸኛ አስፈለገ፤ ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ከታወጀ በኋላ ደግሞ ወጣት ሆኖ በመንገድ መታየት ራሱ አደጋ ሆነ። ሁመራም በ1969 በኢዲዩና በደርግ ጦር መካከል የጦር ሜዳ ሆና ነበር።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። የመንግሥት እርሻዎች እጅ አጡ። በ1972 ደርግ ሥራ ፈት የተባሉትን ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች እያፈሰ ወደ ሁመራ ጫነ፤ ብዙዎቹ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ጠፉ። በሠራተኛው ሕዝብ ስም የሚናገር መንግሥት ቀድሞ ሰው በፈቃዱ ይመጣበት ለነበረ ሥራ አፈሳ ማስፈለጉን አንባቢ ያስተውል።

ጉዳቱ በእርሻዎቹ ብቻ አላበቃም። የወሎና የትግራይ ገበሬ አዝመራው ሲከዳው በቀን ሥራ ገንዘብ አግኝቶ እህል ይሸምት ነበር። የ1977ቱን ረኀብ ያመጣው የዚህ መንገድ መዘጋት ነው አንልም፤ ድርቁም ጦርነቱም ነበሩ። ነገር ግን ገበሬው በሬውን ከመሸጡ በፊት የሚሞክረው አንዱ መውጫ ከዓመታት በፊት ተዘግቶበት እንደነበረ ሳይጠቅሱ ስለዚያ ረኀብ መጻፍ ጉድለት ነው።

ከ1983 በኋላ እገዳው ሲላላ ሰዉ እንደገና በብዛት ወረደ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር ከተከዜ ማዶ ይመጣ የነበረው ጉልበት ተቋረጠ፤ ከደጋው የሚወርደው ግን ቀጠለ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት በፈነዳ በቀናት ውስጥ በማይካድራ ቢያንስ 600 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገለጸ፤ በማንነታቸው ተለይተው ከተገደሉት መካከል ብዙዎቹ ለእርሻ ሥራ የመጡ ነበሩ። በተከታዮቹ ወራት ደግሞ እጅግ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ከአካባቢው ተባረሩ። የማይካድራው ግድያ የተፈጸመው ጥቅምት 30 ቀን ነበር፤ ከደጋ የወረደ ገበሬ ሰሊጡን ጨርሶ ወደ ራሱ አጨዳ የሚመለስበት ሰሞን።