ፕሮፌሰር ጄፍሪ ዊልኪንሰንና የብረቱ ሳንድዊች

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ የካርቦን ውሕዶች በአንድ ምዕራፍ፣ ብረታ ብረት ደግሞ ራቅ ብሎ በሌላ ምዕራፍ ይገኛሉ። ተማሪው ሁለቱን ወገኖች እንደማይጠያየቁ ጎረቤታሞች ቢቆጥራቸው አይፈረድበትም፤ እስከ 1951 ድረስ የብዙዎቹ ሊቃውንት አስተሳሰብም ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ካርቦን ከብረታ ብረት ጋር በቀጥታ የሚተሳሰርባቸው፣ ኦርጋኖሜታሊክ የሚባሉት ውሕዶች አዲስ አልነበሩም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ዚንክን ከካርቦን ጋር ያስተሳሰሩት በ1849 ነው። ይሁን እንጂ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ መካከል የሚገኙት እነ ብረት፣ እነ ኮባልትና እነ ኒኬል፣ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ከሚሠሯቸው ውሕዶች በቀር፣ ከካርቦን ጋር ጽኑ ትስስር ይኖራቸዋል ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነበር። አጥሩን ካፈረሱት ሰዎች አንዱ ፕሮፌሰር ጄፍሪ ዊልኪንሰን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።)

ዊልኪንሰን ጁላይ 14 ቀን 1921 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሽር ቶድመርደን አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ቤት ቀቢ፣ እናታቸው የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ አጎታቸው በጋብቻ የተዛመዱት ቤተሰብ ለመድኃኒት የሚውሉ ጨዎችን የሚያዘጋጅ ትንሽ የኬሚካል ፋብሪካ ነበረውና፣ ከኬሚስትሪ ጋር የተዋወቁት በዚያ በኩል ነው።

የተማሩበት የቶድመርደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንሽ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ሉክ ሰትክሊፍ ከዊልኪንሰን ቀደም ብለው ጆን ኮክሮፍትን አስተምረዋል። ኮክሮፍት ከኧርነስት ዋልተን ጋር ሆነው በ1932 የአቶምን አስኳል በተወነጨፉ ቅንጣቶች የሰነጠቁና በ1951 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ከአንዲት የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ ከአንድ መምህር ክፍል፣ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎች! እኛ በማስተማር ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ይህን አንብበን ዝም ብለን አናልፍም። ዊልኪንሰን ራሳቸው ግን በሽልማቱ ጊዜ በጻፉት አጭር የሕይወት ታሪክ ከኮክሮፍት ጋር አንድ መምህር እንደነበራቸው ከገለጹ በኋላ፣ ፊዚክስ ከቶም የሚወዱት ትምህርት እንዳልነበረ ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። የፊዚክስ መምህራን ቅር እንደማይላቸው ተስፋ እናደርጋለን።

በ1939 የትምህርት ድጋፍ አግኝተው ለንደን ወደሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገቡና በ1941 ተመረቁ። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። በ1942 ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ፓኔት ለኒውክሌር ኃይል ምርምር መለመሏቸው፤ ወደ ካናዳ ተልከውም እስከ 1946 ድረስ በሞንትሪያልና በቾክ ሪቨር ሠሩ። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግረው በበርክሌይ ከግሌን ሲቦርግ ጋር አዳዲስ አይሶቶፖችን ሲያዘጋጁና ሲለዩ አራት ዓመት ያህል ቆዩ። በ1950 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲዛወሩ የኒውክሌሩን ሥራ ትተው በተማሪነታቸው ወደሚወዱት ወደ ብረታ ብረት ውሕዶች ተመለሱ። በሴፕቴምበር 1951 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኑ። ለታሪካችን ዋናው ወቅት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በፒትስበርግ ከተማ በዱኬን ዩኒቨርሲቲ፣ ፒተር ፖሰንና ተማሪያቸው ቶማስ ኪሊ አምስት አምስት ካርቦን ያላቸውን ሁለት ቀለበቶች እርስ በርስ ለማያያዝ ይሞክሩ ነበር። ለዚህም የብረት ክሎራይድ ጨመሩ። ብረቱ የተላከው እንደ ሽማግሌ ሁለቱን ወገኖች አጋብቶ ሊመለስ ነበር። እርሱ ግን በዚያው ቀርቶ የቤቱ አባል ሆነ። በብርጭቆው ውስጥ የተገኘው አሥር ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጂንና አንድ ብረት ያለበት ብርቱካንማ ክሪስታል ሆነ። ከእነርሱ ተለይተው በእንግሊዝ አገር በአንድ የኦክስጂን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሚለር፣ ቴቦትና ትሬሜይንም ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ አግኝተውት ነበር።

የፖሰንና የኪሊ ጽሑፍ በዲሴምበር 1951 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ሥዕሉ ግን ስሕተት ነበር። ብረቱን በመካከል አድርገው ከግራና ከቀኝ ቀለበቶች ከአንድ አንድ ካርቦን ጋር ብቻ በነጠላ መስመር አገናኝተውታል። ያኔ በሚታወቀው ዕውቀት ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ማንም ቢሆን የሚስለው እንዲሁ ነበር።

ዊልኪንሰን ጽሑፉን ያነበቡት በ1952 መጀመሪያ ላይ ነው። ብረትና ካርቦን በነጠላ ትስስር ብቻ ሲያያዙ ውሕዱ ደካማና በቀላሉ የሚፈርስ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ይህ ክሪስታል ግን አየርና ውሃ አይነኩትም፤ ሳይበላሽ በ173 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። እንግዲያውስ ትስስሩ ሌላ ዓይነት መሆን አለበት። ሁለቱ ቀለበቶች ጠፍጣፋ ሆነው ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ ብረቱም በወፍጮና በመጅ መካከል እንዳለች የእህል ፍሬ በመካከላቸው ቢገባ፣ አሥሩም ካርቦኖች እኩል ይይዙታል። ሳንድዊች የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ሐሳብ ብቻውን በቂ አይደለምና ማስረጃ ተፈለገ። በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲመረመር የካርቦንና የሃይድሮጂን ትስስር አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ሰጠ፤ ይህም አሥሩ ሃይድሮጂኖች በአንድ ዓይነት ሁኔታ የተቀመጡ መሆናቸውን ያመለክታል። ሞለኪውሉ አሉታዊና አዎንታዊ ጫፍ የለውም፤ ይኸውም ቅርጹ የተመጣጠነ ነው ማለት ነው። ነጠላ የቀረ ኤሌክትሮን እንደሌለውም የማግኔት ልኬት አሳየ። ተማሪዎች ይህን ክፍል ደግመው ቢያነቡት ይጠቅማል፤ ሞለኪውሉን ማንም ሳያየው፣ በሦስት ቀላል ልኬቶች ቅርጹ ተለየ።

ሥራው የዊልኪንሰን ብቻ አልነበረም። በዚያው በሐርቫርድ የነበሩት ዝነኛው ሮበርት ዉድዋርድ ከማይረን ሮዘንብለምና ከማርክ ዋይቲንግ ጋር ይሳተፉ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፍ በ1952 በአራቱ ስም ሲወጣ የዊልኪንሰን ስም ፊተኛ፣ የዉድዋርድ መጨረሻ ነበር። ተከታዩ ጽሑፍ ውሕዱ እንደ ቤንዚን አሮማቲክ ጠባይ እንዳለው የሚያሳየው ነው (መኪና የሚጠጣውን ቤንዚን ማለታችን ሳይሆን ስድስት ካርቦን ያለውን ቀለበት ነው)። በዚህኛው ላይ የዉድዋርድ ስም ፊተኛ ሲሆን ዊልኪንሰን የሉበትም። ፌሮሲን የሚለውን ስም ያወጡት ዋይቲንግ ናቸው። በዚሁ ዓመት በጀርመን አገር በሙኒክ፣ ኧርነስት ኦቶ ፊሸር ከአሜሪካኖቹ ሳይመካከሩ ከቮልፍጋንግ ፕፋብ ጋር በኤክስሬይ ወደዚያው ቅርጽ ደረሱ። ፊሸር በጦርነቱ ውትድርና ምክንያት ትምህርታቸው የዘገየባቸው ሰው ነበሩ፤ የዶክትሬት ሥራቸውን ያጠናቀቁት በዚያው በ1952 ነው። በ1955 ክሮሚየምን በሁለት የቤንዚን ቀለበቶች መካከል አስገቡ።

ዊልኪንሰን በጃንዋሪ 1956 የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነው ወደ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመለሱ። ከሐርቫርድ ተማሪያቸው ከአልበርት ኮተን ጋር የጻፉት ትልቁ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ በ1962 ታትሞ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች መማሪያ ሆኗል። ይሁንና በእኛ አስተያየት በለንደን ከሠሩት ሁሉ የሚበልጠው በ1960ዎቹ አጋማሽ ያወጡት የሮዲየም ውሕድ ነው። ይህ ውሕድ ሃይድሮጂንን በካርቦን ድርብ ትስስር ላይ ለመጨመር የሚያገለግል አፋጣኝ ወይም ካታሊስት ነው፤ በተራ የክፍል ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ይሠራል። ዛሬም የዊልኪንሰን ካታሊስት ይባላል። አሜሪካዊው ዊልያም ኖልስ በ1968 የዚህን ውሕድ አንድ ክፍል በሌላ ተክተው፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ከሚመሳሰሉት ሁለት ሞለኪውሎች አንደኛውን አብልጦ የሚሠራ ካታሊስት አገኙ። ለፓርኪንሰን በሽታ የሚሰጠው ኤል-ዶፓ የተባለው መድኃኒት በፋብሪካ የተመረተው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ኖልስም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ሌላው የዊልኪንሰን የሮዲየም ውሕድ ከ1976 ጀምሮ ፋብሪካ ገብቷል። ለፕላስቲክ ማለስለሻና ለቀለም ማሟሟቻ የሚሆነው ኬሚካል ቀድሞ በኮባልት ሲዘጋጅ ከ200 አትሞስፌር በላይ ግፊት ይጠይቅ ነበር፤ በሮዲየም ከ20 በታች በቃው።

በ1973 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለፊሸርና ለዊልኪንሰን ተሰጠ። ስማቸው ያልተጠራው ዉድዋርድ በዚያው ጥቅምት ለሽልማቱ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፉ። የሳንድዊቹ ቅርጽም ሆነ የአሮማቲክነቱ ሐሳብ የእርሳቸው ብቻ መሆኑን፣ ዊልኪንሰን እንዲያውም በመጀመሪያ እንዳልተቀበሉት ገለጹ። ዊልኪንሰን በበኩላቸው በ1975 ባሳተሙት ትዝታ ቅርጹ የታያቸው ያንን የኔቸር ጽሑፍ እንዳነበቡ መሆኑን ጻፉ። ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ዉድዋርድ በ1965 ለብቻቸው የተሸለሙ ስለሆኑ ክብር ጎድሏቸው ነው አይባልም። እኛ ለመፍረድ ባንደፍርም፣ ከላይ የጠቀስነው የስም አቀማመጥ ከየትኛውም የኋላ ትዝታ የሚቀድም ምስክር ይመስለናል። የቅርጹ ጽሑፍ በዊልኪንሰን ስም ይጀምራል፤ የአሮማቲክነቱ ጽሑፍ ያለ ዊልኪንሰን ወጥቷል። ሆኖም የመጀመሪያውን ጽሑፍ በእጃቸው የጻፉት እርሳቸው መሆናቸውን ዉድዋርድ ስለተናገሩ፣ ምስክሩም ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም።

ዉድዋርድ በ1979፣ ዊልኪንሰን በ1996፣ ፊሸር በ2007 አረፉ። በዚህ ሁሉ ክርክር መካከል የማይነሡት፣ ብርቱካንማውን ክሪስታል አስቀድመው ለዓለም ያሳወቁት ፒተር ፖሰን ናቸው። በጀርመን አገር ተወልደው በ1939 ከናዚዎች የሸሹ አይሁዳዊ ነበሩ። በኋላ በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ በስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ለረጅም ዘመን አስተማሩ። በዚያም በ1970ዎቹ ከባልደረባቸው ከካንድ ጋር፣ በኮባልት እየተረዱ አምስት ካርቦን ያለው ቀለበት መሥሪያ ዘዴ አወጡ። ዘዴው በየቤተ ሙከራው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሁለቱ ስም ነው።