ቤት የሚያሻሽጡ ቲክቶከሮች ለተከታዮቻቸው ምን ኃላፊነት አለባቸው?

ከሲኤምሲ ወደ አያት በባቡር ስትሄዱ መሪ ጣቢያ አካባቢ ዐይናችሁ ጅምር ሕንጻ አያጣም። ቲክቶክ ስትከፍቱ ደግሞ ያው ሰፈር ይመጣል፤ የምታውቁት ፊት ሄልሜት አድርጎ «በትንሽ ቅድመ ክፍያ የቤት ባለቤት ሁኑ» ይላችኋል። ተከፍሎት ይሁን አምኖበት ግን አይናገርም።

ቢልቦርድ ማስታወቂያ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ለዓመታት ሲያስቀን የቆየ ልጅ ሲናገር ግን የምንሰማው እንደ ወዳጅ ምክር ነው። ዓረብ አገር ሆና ደመወዟን የምታጠራቅም እህታችን ሳይቱን ሄዳ ማየት አትችልም፤ ዐይኗ እሱ ነው። አንዳንዱ በቪዲዮ ይከፈለዋል፣ አንዳንዱ ከተሸጠው ቤት ኮሚሽን ያገኛል። ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ካርታውን እዪ» ማለት ይከብደዋል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ2,000 በላይ የአክሰስ ሪል እስቴት ደንበኞች ገንዘብ ከፍለው ቤት ሳያገኙ የተንከራተቱት ቲክቶክ ሳይመጣ ነው።

ሕጉስ? የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያደርሰዋል። ይሄኛው የወጣው ለሁከትና ግጭት እንጂ ለቤት ሽያጭ ታስቦ አይደለም፤ ግን የተከታይ ብዛት ተጠያቂነትን እንደሚያከብድ ሕግ አውጪው ተቀብሎታል። አሜሪካ ውስጥ ኪም ካርዳሺያን ክሪፕቶ ለማስተዋወቅ 250 ሺህ ዶላር እንደተከፈላት ስላልገለጸች እ.ኤ.አ. በ2022 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ጥፋቱ ማስተዋወቋ ሳይሆን ክፍያውን መደበቋ ነበር።

እኛም ገጽ ስለምናስተዳድር ጥያቄው ይመለከተናል። ትንሹ ግዴታ ቪዲዮው ሲጀምር «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ አይደለም። ሁለተኛው፣ ካሜራ ከመክፈት በፊት የይዞታ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና መሬቱ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት መጠየቅ። ካላሳዩት መተው ነው።

ቤቱ ሲዘገይስ? አንዳንዱ ቪዲዮውን አጥፍቶ፣ ኮሜንት ዘግቶ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ያ ቪዲዮ ግን ለገዢው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያ አይታችሁ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ቪዲዮውን ከነቀኑና ከነአካውንቱ ስም ዛሬውኑ ሴቭ አድርጉት።