የቦናያ ሌሊትና የማስታወሻ ዕቃዎች

በ1910 ዓ.ም. ነሐሴ 3 ቀን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቪየና ሰማይ ላይ ደርሰው በቦምብ ፋንታ ወረቀት በተኑ። ከገጣሚው ጋብርዬሌ ዳኑንዚዮ ጋር ከበረሩት አንዱ የቤርጋሞው ተወላጅ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበር። በኋላ የአንዲስን ተራሮች በአየር ተሻገረ፤ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲሞክር ግሪንላንድ አካባቢ ባሕር ላይ ቀርቶ የአሜሪካ የጦር መርከብ አተረፈው። ያ ሁሉ ያልገደለው ሰው የሞተው ወለጋ ውስጥ፣ ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ በተባለ ሜዳ ነው።

ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በኢጣሊያ ተይዛለች፣ ምዕራቡ ግን አልተያዘም። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ራስ እምሩ ጎሬ ናቸው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና የተማሩ ሲቪሎች «ጥቁር አንበሳ» ብለው ተደራጅተዋል። ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ ሎካቴሊን ጨምሮ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሦስት አውሮፕላን ቦናያ አረፈ፤ ጦር ከመምጣቱ በፊት አገሩን በወዳጅነት ለማሳመን። በሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ጥቁር አንበሶች ከበቧቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ከካህኑ ከአባ ቦሬሎ በቀር የተረፈ የለም።

ኢጣሊያ ለሟቾቿ የወርቅ ሜዳይ ሰጠች፤ ለሎካቴሊ ሦስተኛው ነበር። ሲሲሊ ያለው የኮሚዞ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዘመን በማሊዮኮ ስም ሲጠራ ቆይቶ ኋላ ላይ ማፊያ የገደለው ፖለቲከኛ የፒዮ ላ ቶሬ ስም ተሰጠው። እንዲህ ያለ ነገር ለቤተሰብ ግድግዳ የሚተርፍ ነው።

የእኛዎቹስ? ከራስ እምሩ ጋር በጎሬ አድርገው ወደ ከፋ የቡና ምድር ወረዱ። በረሃብና በዝናብ ሲንከራተቱ ከርመው ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት 12 ወዲህ፣ ብዙዎቹ ተረሸኑ፤ ከእነርሱ ውስጥ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ይገኙበታል። በዚያ ወራት የልጅን ፎቶግራፍ ሳጥን ውስጥ ማኖር ለቤተሰቡ ሁሉ መዘዝ ነበር። የማስታወሻ ዕቃ ማነስ የውለታ ማነስ ተደርጎ ሲቆጠር የምበሳጨው ለዚህ ነው።

በ1928 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን እንኳ ኢጣሊያ ሙዚየም ቆማ ኖራ የተመለሰችው ጥር 2016 ነው። እርሷም የመንግሥት ቅርስ እንጂ የአንድ ቤት አይደለችም።

በቡናው አገር ያሉት ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ግን አውሮፕላንን በደንብ የለመዱት ሌላ መልኩን አይተው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሥራ የጀመረባቸው አምስት አውሮፕላኖች ለጦርነት የተሠሩ፣ ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ሲ 47 ነበሩ። መንገድ በሌለበት አገር ዲሲ 3 ተብሎ የሚታወቀው የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን እነዚህን ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር አገናኝቷል። ስለ ቦናያ የሚጠይቅ ተመራማሪ ነቀምቴ ላይ ባይቆም ጥሩ ነው። ወጣቶቹ ያለፉበት መንገድ ከጎሬ እስከ ጎጀብ ነውና፣ ስንቅ የሰጣቸውና ያስጠለላቸው ሰው ልጆች ያሉት በዚሁ በቡናው አገር ነው።